ከወዳደቀ ብረት ቢላና ገጀራ መሥራት፦ ከባሌስትራ እስከ ስለት

የመጀመሪያ ቢላዬን የሠራሁት ከፌሮ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቀጠቀጥኩ፣ ሞረድኩ፣ አግዬ ነከርኩ፣ እጀታም አሳምሬ ገጠምኩለት። በማግስቱ ገመድ ልቆርጥበት ስሞክር ስለቱ እንደ ቆርቆሮ ታጠፈ። ጥፋቱ የእጄ አልነበረም፤ ፌሮ ቢላ የሚሆንበት ነገር ከመጀመሪያውም በውስጡ አልነበረም።

የወዳደቀ ብረት ስሙን ግንባሩ ላይ ጽፎ አይመጣም። አዲስ አረብ ብረት ስንገዛ ዓይነቱ፣ ስንት ዲግሪ እንደሚፈልግና በምን እንደሚነከር ይነገረናል። የወዳደቀውን ግን ራሱን መጠየቅ ግድ ነው። ስለዚህ ከመዶሻውም ከእሳቱም በፊት አንድ ነገር ልምድ አድርጉ፦ የሙከራ ቁራጭ። ቢላው ከሚወጣበት ከዚያው ብረት ጫፍ ሁለት ጣት የሚያህሉ ሦስት አራት ቁራጮች ቁረጡና አስቀምጡ። እሳትም ሆነ ዘይት ውስጥ ከቢላው ቀድመው የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ብረቱን መምረጥ

አረብ ብረት ግሎ ሲነከር የሚጠነክረው በውስጡ ባለው ካርቦን ነው። ካርቦኑ ከ0.3 በመቶ በታች ከሆነ የቱንም ያህል ቢያግሉት፣ በምንም ቢነክሩት ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። ቢላ የሚወጣው ከ0.5 በመቶ ወደ ላይ ካለው ነው።

ለጀማሪ ከባሌስትራ የተሻለ የለም። የመኪና ባሌስትራ ካርቦኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ነው፤ እንደ ዓይነቱ ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ሲሊከን ይጨመርበታል። ጠፍጣፋ ስለሆነ ግማሹ ሥራ አልቆ ነው የሚጠብቃችሁ። በዘይት ይጠነክራል፤ የጀማሪን ስሕተትም ይችላል። ለገጀራማ ተወዳዳሪ የለውም፤ ሲጎብጥና ሲቃና እንዲኖር ተብሎ የተሠራ ብረት ነውና። ሞላም ከዚሁ ዘር ነው፤ ድቡልቡሉን መጠፍጠፍ ክንድ ይበላል እንጂ።

ያረጀ ሞረድ ካርቦኑ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በላይ ስለሚሆን ስለታቸው እንዲቆይ ለሚፈለጉ ትንንሽ ቢላዎች ይመረጣል። ጥርሱን ግን ከመቀጥቀጣችሁ በፊት ፈግፍጋችሁ አጥፉ። አለዚያ የጥርሱ ሸለቆዎች በመዶሻ ተጣጥፈው ብረቱ ውስጥ ይቀበሩና በኋላ የመሰንጠቂያ መንገድ ይሆናሉ። ላያቸው ብቻ የጠነከረ፣ ውስጣቸው ልል የሆነ ርካሽ ሞረዶችም ስላሉ ሙከራውን አትዝለሉ።

የኩሽኔት ቀለበት 1 በመቶ ያህል ካርቦንና 1.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለው ድንቅ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መዶሻ ሥር ግትር ነው፣ ሙቀቱም በጣም ልክ እንዲሆን ይፈልጋል። አምስት ስድስት ቢላ ከሠራችሁ በኋላ ድረሱበት። የድሮ ሰፋፊ መጋዞች ጥሩ ናቸው። ጥርሳቸው ላይ ሌላ ጠንካራ ብረት የተበየደባቸው አዳዲሶቹ ክብ መጋዞች ግን ገላቸው ብዙውን ጊዜ ልል ነው። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቧንቧና ተራ ምስማር ለጉጠት፣ ለመስቀያ፣ ለምድጃ ፍርግርግ ይሁኑ። የሐዲድ ማሰሪያ ምስማርም መልኩ ቢያምርም ካርቦኑ ለስለት አይበቃም። ወዳደቀ ማለት ባለቤት የለውም ማለት እንዳልሆነም አትርሱ፤ ከሐዲድ፣ ከድልድይ ወይም ከመብራት ምሰሶ ላይ የተፈታ ብረት ሌላ ሰው ላይ የሚወድቅ አደጋ ነው።

ጨርሶ ወደ እሳት የማይገቡም አሉ። ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲግል ነጭ ጭስ ያወጣል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እኛ የምንሠራው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ጭሱን የሳበ ሰው በዚያው ቀን ምሽት ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ሊይዘው ይችላል። ክሮም የተለበጠውንም ተዉት። አፉ የተደፈነ ቱቦ፣ ለምሳሌ ሾክ አብዘርበር፣ እሳት ላይ ሲቀመጥ እንደ ፈንጂ ይፈነዳል። መኪና ላይ ታምቆ የተቀመጠ ሞላን ደግሞ ራሳችሁ ለመፍታት አትሞክሩ፤ ተፈቶ የተጣለውን ብቻ ውሰዱ።

ብረቱን መጠየቅ

ጥያቄው አራት ነው። የመጀመሪያው ስለ ጤናው ነው። ያገለገለ ባሌስትራ የተጣለው ደክሞት ሊሆን ይችላል። መሐሉ ላይ ቡሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አይጠፋም። አንዴ ይህን ቸል ብዬ የሠራሁት ገጀራ ዘይት ውስጥ ሲገባ ለሁለት ተከፈለ፤ ስብራቱን ሳየው ግማሹ አሮጌ ዝገት ነበረበት። ብረቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ በላምባ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ በደረቅ ጨርቅ አጥሩት፣ ከዚያ ጠመኔ አልብሱት። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ላምባ መልሶ ይተፋና ጠመኔው ላይ ርጥብ መስመር ይወጣል። ያን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ የቡሎኑን ቀዳዳ አካባቢም ምንም ባይታይበት ቁረጡት። ላምባው በደንብ ሳይደርቅ ወደ እሳት አትቅረቡ።

ሁለተኛው ጥያቄ በብልጭታ ነው። ምስማር፣ አሮጌ ሞረድና ያልታወቀውን ብረት ደርድሩና ተራ በተራ ግራይንደር አስነኳቸው። የምስማሩ ብልጭታ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ እምብዛም የማይበተን ክር ነው። የሞረዱ ደግሞ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ እንደ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ ይፈነዳል። ያልታወቀው ለየትኛው እንደሚቀርብ ዓይናችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። አንዱን የሙከራ ቁራጭ ማግኔት እስኪለቀው፣ ማለትም እስከማይስበው ድረስ አግሉት፣ ከዚያም ጥቂት ጨምሩለትና ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ንከሩት። ሲቀዘቅዝ ሞረድ ሳቡበት። ሞረዱ እንደ መስተዋት ላይ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፤ ከነከሰው አልጠነከረም። ያልጠነከረውን በሌላ ቁራጭ፣ አሁን በውሃ፣ ድገሙት። በውሃም እንቢ ካለ ብረቱ ቢላ አይሆንም፤ ጉጠት ሥሩበት።

አራተኛው ጥያቄ ስብራቱ ነው። የጠነከረውን ቁራጭ ሞርሳ ላይ አስራችሁ፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ በመዶሻ ስበሩት። ስብራቱ እንደ ተሰበረ ሸክላ ስኒ ለስላሳ ግራጫ ከሆነ ሙቀቱን በትክክል መትታችኋል ማለት ነው። እንደ ስኳር ካብለጨለጨ አብዝታችሁ አግላችኋል፤ የብረቱ ቅንጣት አድጓል፣ እንዲህ ያለ ቢላ ደግሞ ሲወድቅ ይሰበራል። በሌላ ቁራጭ በትንሹ ቀነስ አድርጋችሁ ሞክሩ። ለስላሳውን ግራጫ ያገኛችሁበትን የእሳት ቀለም ዓይናችሁ ውስጥ አስቀሩት፤ ቢላውን የምትነክሩት በዚያው ቀለም ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

እሳትና መሣሪያ

ብዙ አያስፈልግም። ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ የሚመዝን፣ ፊቱ ትንሽ ጉብ ብሎ ጠርዙ የተሞረደ መዶሻ፤ ብረቱን አፍኖ የሚይዝ ጉጠት፤ ብረቱ የሚቀጠቀጥበት መስፍ። እውነተኛ መስፍ ከሌለ የትኛውም ከባድ ጥፍጥፍ የአረብ ብረት ድፍን ይሠራል። ዋናው ክብደቱ በቀጥታ ከመዶሻው ሥር መሆኑ ነው። ረጅም ብረት ካገኛችሁ አጋድማችሁ ከምትቀጠቅጡበት አቁማችሁ ብትቀብሩት ይሻላል። ግንድ ላይ ስታስቀምጡት ፊቱ ቆማችሁ የጨበጣችሁት ቡጢ የሚደርስበት ቁመት ላይ ይሁን፤ ከፍ ካለ ትከሻ፣ ዝቅ ካለ ወገብ ይቀጣል።

ጉጠት እስክትሠሩ ድረስ ቢላውን ከረጅሙ ብረት ሳትቆርጡ ቀጥቅጡት፤ የቀረው ብረት ራሱ መያዣ ይሆናል። ጀማሪን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ እሳቱ ሳይሆን ከጉጠት ያመለጠ ብረት ነው።

ለምድጃው አሮጌ ቸርኬ በቂ ነው። ውስጡን አመድ በተቀላቀለበት ጭቃ ለብጣችሁ፣ ከታች ቱቦ አስገብታችሁ በወናፍ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ንፉት። ቱቦው ዚንክ ያልተለበጠ ይሁን። ከሰሉ የእንቁላል መጠን ይኑረው። ከንፋሱ አፍ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር የሚሆን ፍም ይቆለል፤ ብረቱም በዚያ ፍም መሐል ተጋድሞ ይቀመጥ እንጂ ንፋሱ አፍ ላይ አይደቀን። ንፋሱ አፍ ላይ ያልተቃጠለ አየር ስላለ ብረቱን ይበላዋል፣ ሲግል ላዩ ላይ የሚፈጠረውን ቅርፊትም ያበዛዋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አታንድዱ፤ ጭስ ባይታይ እንኳ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

የጥጥ ወይም የሱፍ ልብስ፣ የቆዳ ጫማ፣ መነጽር። ናይለን ልብስ ፍንጣሪ ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል። በእጃችሁ የሚገኝ ባልዲ ውሃ ይኑር፤ ለዘይት እሳት ግን ውሃ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ክዳንና ደረቅ አሸዋ ነው።

መቀጥቀጥ

ብረቱን ብርቱካናማ እስኪሆን አግሉ። ወደ ቢጫ መዳረሻው ድረስ መሄድ ይቻላል፤ ከዚያ አልፎ ነጭ ሆኖ እንደ ርችት መፈናጠቅ ከጀመረ ካርቦኑ እየተቃጠለ ነው። የተቃጠለ ብረት አይታከምም፣ ያን ጫፍ ቆርጦ መጣል ብቻ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ቀይነቱ ሲደበዝዝ መዶሻውን አስቀምጡ። «ብረት መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚባለው ለሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቀይነቱ ለቆ የተመታች አንዲት ምት የሰነጠቀችው ስንጥቅ የምትታየው ዘይት ውስጥ ሲገባ ነው። ከምድጃ ባወጣችሁ ቁጥር ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፤ ካልተጠረገ መዶሻው ብረቱ ውስጥ ይተክለዋል።

የባሌስትራውን ጉብጠት መጀመሪያ አቃኑ። ለቢላ ጀርባው 4 ሚሊሜትር ገደማ እስኪሆን አሳሱት፤ ለገጀራ 5 ወይም 6 ይሁን። ቀጥሎ ጫፉ ነው። ከጥጉ ጀምራችሁ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ እየመታችሁ አሹሉት። ጠፍጣፋውን ብቻ ብትመቱት ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ ይከፈትና ንብርብር ይሆናል።

ስለቱን ማሳሳት ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚደነግጥበት ነገር አለ። የስለቱ ወገን ሲሳሳ ይረዝማል፤ ጀርባው ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ቢላው ወደ ጀርባው እየቀለሰ እንደ ጎራዴ ይጎብጣል። መፍትሔው ቀድሞ ተቃራኒውን ማድረግ ነው፦ ማሳሳት ከመጀመራችሁ በፊት ቢላውን በስለቱ ወገን በኩል እንደ ማጭድ አጉብጡት። ስለቱ እየሳሳ ሲሄድ ራሱ ይቃናል። የሁለቱን ወገን ምት እኩል ቁጠሩ፤ አንዱ ወገን ከበዛ ቢላው ይጣመማል። ስለቱን ከ2 ሚሊሜትር በታች አታውርዱት፤ የቀረው የሞረድ ሥራ ነው።

ወደ እጀታው የሚገባው ክፍል፣ ጅራት እንበለው፣ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ጥግ ክብ ይሁን። ሹል ጥግ ካለ ቢላው የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። የገጀራ ጅራት ደግሞ እጀታውን በሙሉ ቁመቱና ስፋቱ ይሙላ።

የገጀራ ቅርጽ ክብደቱን ወደ ፊት ማስኬድ ነው። ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚረዝም ስለት ይበቃል፤ ወደ ጫፉ ሲጠጋ ወርዱ ይስፋ፣ ሆዱም ትንሽ ይውጣ። ጣታችሁ ላይ ስታጋድሙት የሚመዝንበት ቦታ ከእጀታው ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ቢሆን ክንድ ሳይደክም ክብደቱ ራሱ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ከመለኪያ ይልቅ በእጃችሁ እመኑ፤ ለረጅም ሰው የተመቸ ለአጭር ላይመች ይችላል።

ማሳረፍ

ለመቀጥቀጥ የምንሰጠው ከፍተኛ ሙቀት የብረቱን ቅንጣት ያሳድጋል፣ ምቱም ውስጡን ውጥርጥር ያደርገዋል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ አሳርፉት። መጀመሪያ ማግኔት ከሚለቅበት በደንብ አልፋችሁ አግሉና ንፋስ በሌለበት ቦታ ጥቁር እስኪሆን አየር ላይ ተዉት። ሁለተኛውን ከዚያ ቀነስ፣ ሦስተኛውን ማግኔት እንደለቀቀ ወዲያውኑ አውጡ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ቢላው ቅርጽ ይዞ ሲያይ ይቸኩልና ይዘለዋል። በመጨረሻ አንዴ አግላችሁ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩትና ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ትራፓኖም ሞረድም ይቀበላል።

መሞረድ

አሁን ያልተነካ ነገር ከተነከረ በኋላ አሥር እጥፍ ይከብዳል፤ የጅራቱን ቀዳዳዎች አሁን ብሱ፣ ቅርጹን አሁን ጨርሱ። የስለቱ ጠርዝ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ይቅርለት። ስለታም አድርጋችሁ ከነከራችሁት ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የመጨረሻውን የብርጭቆ ወረቀት ከጫፍ ወደ እጀታ በርዝመቱ ሳቡት። ስለቱን አቋርጦ የሚሄድ ጥልቅ ጭረት የስንጥቅ መነሻ ነው።

መንከር

ይህን በጠራራ ፀሐይ አትሥሩት። ፀሐይ ላይ ብርቱካናማው ቀይ፣ ቀዩ ጥቁር ይመስላል። አመሻሽ ላይ ወይም ጥላ ሥር ይሁን።

ዘይቱ ተራ የአትክልት ዘይት ነው፤ 4 ሊትርና ከዚያ በላይ፣ ቢላው ቆሞ በሚሰጥም ጠባብና ጥልቅ የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ክዳኑ አጠገቡ ሆኖ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጠቀሙ አሉ፤ ጭሱ ውስጥ ያለውን መርዝ ሳስበው እኔ አልነካውም። ዘይቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁት፤ የጋለ ቁራጭ ብረት ውስጡ ብትጨምሩ ይሞቃል። የሞቀ ዘይት ከቀዘቀዘው ይልቅ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱን ፈጥኖ ይነጥቃል።

ቢላውን ፍሙ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሳባችሁ ከጅራቱ ሥር እስከ ጫፉ አንድ ቀለም እስኪይዝ ድረስ አግሉ። ጫፉና ስለቱ ስስ ስለሆኑ ቀድመው ይግላሉ፤ መጀመሪያ ጀርባውን ወደ ፍሙ አዙሩ፣ ጫፉን ደጋግማችሁ ከእሳቱ አስወጡ። ማግኔት የሚለቀው በ770 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሌስትራ ግን ከ830 እስከ 850 ይፈልጋል። ስለዚህ ማግኔት ሲለቀው ገና ነው፤ አንድ ደረጃ የደመቀ ቀለም ጠብቁ። ዓይናችሁን ተክላችሁ ካያችሁ ደግሞ ማግኔት የማይነግራችሁን ታያላችሁ። ብረቱ ውስጡን ሲለውጥ ጥላ የመሰለ ነገር ቀዩ ላይ ይሄዳል፤ ጥላው ከስለቱ ወደ ጀርባው ተሻግሮ ሲጠፋ ቀለሙ ወጥ ይሆናል። ያኔ በሙከራ ቁራጩ ያወቃችሁት ቀለም ላይ ደርሷል።

አውጡና ሳታመነቱ ጫፉን አስቀድማችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ዘይቱ ውስጥ አስገቡት። እሳት ብልጭ ይላል፣ አትደንግጡ፤ ጓንት ያደረገ እጅና ረጅም ጉጠት ለዚህ ነው። ውስጥ እያለ በስለቱና በጀርባው አቅጣጫ እንደ መጋዝ አንቀሳቅሱት። ወደ ጎን ካወዛወዛችሁት አንዱ ፊቱ ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይጣመማል። «ጭር» የሚል ቀጭን ድምፅ ከሰማችሁ ተሰንጥቋል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ ቆይታችሁ አውጡት። ትንሽ ጠምሞ ከሆነ ገና ትኩስ እያለ በሁለት ሳንቃ መሐል በሞርሳ ጨምቃችሁ ማቃናት የምትችሉበት አጭር ጊዜ አለ። ከቀዘቀዘ በኋላ የሞከረ ግን ሁለት ቢላ ይኖረዋል።

ለገጀራ ሌላ መንገድ እወዳለሁ፦ የስለቱን ወገን ብቻ፣ ከወርዱ አንድ ሦስተኛውን፣ አጋድሞ መንከር። ስለቱ ይጠነክራል፤ ጀርባው ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ልል ይሆንና ምቱን ይውጣል። ለዚህ ጠባብና ጥልቅ ዕቃ ሳይሆን ረጅም ትሪ ያስፈልጋል፤ ቀይነቱ ከጀርባው ጨርሶ ሲጠፋ ሙሉውን ማስጠም ይቻላል።

ስለቱ ላይ ሞረድ ሳቡ። ከተንሸራተተ ሠርታችኋል። ከነከሰው ያንኑ ከማሳረፍ ጀምራችሁ ድገሙት፣ በዚህኛው ጥቂት አሙቁት። መጀመሪያ ግን ቅርፊቱን ጥረጉ፤ ስስ ልል ሽፋን ከላይ ኖሮ ብዙዎችን ያታልላል።

ማለዘብ

አሁን በእጃችሁ ያለው ቢላ መስተዋት ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ሳይውል ሳያድር ይለዝብ፣ ማለትም በመጠነኛ ሙቀት ተሰባሪነቱ ይቀነስለት። በምግብ ማብሰያ ኦቨን መሥራት ቀላሉ ነው፤ የኦቨን መቆጣጠሪያ ስለሚዋሽ ለብቻው ቴርሞሜትር አስገቡበት። ለቢላ በ200 ዲግሪ 2 ሰዓት፣ አቀዝቅዞ እንደገና 2 ሰዓት። ለገጀራ ከ230 እስከ 250 ዲግሪ፣ እንዲሁ ሁለት ዙር። አንድ የጠነከረ የሙከራ ቁራጭም አብሮ ይግባ። ወጥቶ ሲመታ በቀላሉ ከተሰበረ ቢላውም ተሰባሪ ነው፤ ሙቀቱን በ15 ዲግሪ ጨምራችሁ ሌላ ዙር ስጡት። መጨመር ይቻላል፤ የለዘበውን መመለስ ግን የሚቻለው እንደገና በመንከር ብቻ ነው።

ኦቨን ከሌለ በቀለም ይሠራል። ቢላውን ብርማ እስኪሆን አብሱት፣ ዘይትና የጣት ቅባት አይኑርበት። ከዚያ ወፍራም ብረት ቀይ አድርጋችሁ አግሉና የቢላውን ጀርባ በላዩ አሳርፉ። ሙቀቱ ከጀርባው ወደ ስለቱ ሲጓዝ ቀለሞች አብረውት ይሄዳሉ፦ በ205 ዲግሪ ገደማ ፈዛዛ የገለባ ቀለም፣ በ230 እና 240 መካከል ጠቆር ያለ ገለባ፣ ወደ 260 ሲጠጋ ቡናማ፣ ወደ 280 ሐምራዊ፣ 300 ላይ ሰማያዊ። የቢላ ስለት ገለባ፣ የገጀራ ስለት ቡናማው ላይ ሲደርስ ወዲያውኑ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ጫፉ ስስ ስለሆነ ይቀድማል፤ እሱን ከብረቱ ውጪ አድርጋችሁ ያዙት።

እጀታ

እንጨቱ ደረቅ ይሁን። ርጥብ እንጨት በወሩ ይኮማተራል፣ ከብረቱም ይላቀቃል። ለሙሉ ጅራት ሁለት ሳንቃ በኢፖክሲ አጣብቃችሁ በነሐስ ዘንግ ወይም በወፍራም ምስማር ሪቬት አድርጉ፤ ኢፖክሲው ብቻውን የገጀራን ንዝረት አይችልም። ለሾጣጣ ጅራት የቆየው ዘዴ ይበቃል፦ ጅራቱን አግሎ፣ ቀድሞ በትራፓኖ በተበሳው እንጨት ውስጥ እያቃጠለ እንዲገባ ማድረግ። ያኔ ስለቱን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ አለዚያ ሙቀቱ ተሻግሮ የለፋችሁበትን ያለዝበዋል። የገጀራ እጀታ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ቀለስ ያለ ጉብታ ይኑረው፣ ላብ ያለው እጅ እንዳያመልጠው። በተልባ ዘይት ከቀባችሁት የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ስለት ማውጣት

ግራይንደር የምትጠቀሙ ከሆነ ቢላውን በባዶ እጅ ያዙት፤ ጣት ያልቻለው ሙቀት ለስለቱም አይበጅም። በየምልልሱ ውሃ ንከሩት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ከታየ ያ ቦታ ለዝቧል፤ ሰማያዊው እስኪያልቅ ፈግፍጎ ከመጣል ሌላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የመጨረሻውን ሁልጊዜ በድንጋይ እሠራለሁ።

የቢላ አንግል በየወገኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፣ የገጀራ 25 ዲግሪ ነው። መለኪያ አያስፈልግም። ወርዱ 3 ሴንቲሜትር የሆነ ቢላ ጀርባውን ከድንጋዩ 1 ሴንቲሜትር ከፍ ካደረጋችሁት 20 ዲግሪ ነው፤ 5 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ገጀራ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል 25 ይጠጋል። በአንዱ ወገን ስትስሉ በሌላው ወገን ጣት የሚቆነጥጥ ቀጭን ጠርዝ እስኪወጣ ቀጥሉ፣ ከዚያ ገልብጡ። ያን ጠርዝ በመጨረሻ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አጥፉት።

ፈተናው ይኸው፦ የቢላውን ስለት የነሐስ ዘንግ ላይ በሳላችሁበት አንግል ጫን አድርጋችሁ ሳቡት። ስለቱ በትንሹ ጎብጦ መልሶ ከተቃና ልክ ነው። ጎብጦ ከቀረ ልል ነው፣ ከተሸረፈ ጥንካሬው በዝቷል፤ ጥንካሬው የበዛውን ደግማችሁ አለዝቡት። ገጀራውን በደረቅ እንጨት ጉጥ ላይ ሃያ ጊዜ ምቱበትና ስለቱን ብርሃን ላይ እዩት፤ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ ያ ቦታ ተሸርፏል ወይም ታጥፏል።

ይህ ብረት ስለሚዝግ ከተሠራበት በኋላ አድርቁት፣ ዘይት አስነኩት። ከባሌስትራው የተረፈውንም አትጣሉ። ለስላሳ ግራጫ ስብራት የሰጣችሁን የሙከራ ቁራጭ በሽቦ እሰሩበትና ላዩ ላይ በማርከር ጻፉ፦ በዘይት፣ በምን ቀለም እንደነከራችሁት፣ በስንት ዲግሪ ለስንት ሰዓት እንዳለዘባችሁት። የሚቀጥለው ቢላ ከዚያው ብረት ሲወጣ ጥያቄውን ከመጀመሪያው አትጀምሩም።